ብብቴና የእናቴ ቅቤ

የብብቴ ሽፍታ ምን እንዳስወጣኝ ከመነሻው ልናገርና ልገላገል፦ ደብረ ማርቆስ አክስቴ ቤት የተዘጋጀልኝን መኝታ፣ ከመኝታው ጋር የሚመጣውን ትምህርት፣ ከዚያም ዕድሜ ልኬን ቅቤ የሚባለውን ነገር። ብር አላስወጣኝም። ብር ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር፤ ብር ሄዶም ይመለሳል።

እህል የምሸጥበት መጋዘን ደብረ ማርቆስ ገበያ ውስጥ ነው፤ ከእኔ ጥቂት በሮች አለፍ ሲባል ቅቤ ተራው ይጀምራል። ጾም ሊፈታ ሲቃረብ ከየገጠሩ የመጣው ቅቤ በየቅሉና በየባልዲው ተከፍቶ ይደረደራል፣ ከመሃሉም አንዱ፣ ምንጊዜም አንዱ፣ የከረመ አይጠፋም። ያ ሽታ በነፋስ ዞሮ መጋዘኔ በር ላይ ሲደርስ አፍንጫዬ ከማወቁ በፊት ክንዶቼ ያውቁታል፤ ሳላዛቸው ከጎኔ ይርቃሉ። ባለፈው ጤፍ ስታስመዝን የነበረች ደንበኛዬ አይታኝ፣ «ምን ሆነህ ነው ዝናብ እንደመታት ዶሮ ክንፍህን የምትዘረጋው?» አለችኝ። «ሚዛኑን እያየሁ ነው» ብዬ አለፍኩት። ለደንበኛ የብብት ታሪክ አይነገርም፤ ጤፉን መጠርጠር ትጀምራለች።

የተወለድኩት ከጉንደ ወይን በእግር በሚደረስ መንደር ነው። አባቴ ገበሬ ነበር፤ በአገሩ የሚታወቀው ግን የእናቴ የጥሩወርቅ ቅቤ ነው። ገበያ ስትወጣ ገዢዎቹ ሴቶች በጣታቸው ጫፍ ነካ አድርገው፣ የእጃቸው ጀርባ ላይ አሽተው ያሸቱ ነበር፤ የሌላዋን ሲያሸቱ ፊታቸው ይጨማደዳል፣ የእናቴን ሲያሸቱ ዋጋ ይጠይቃሉ። እሷም ይህን ታውቃለች፤ ስለዚህ ገዢ እየጠራች አትጮህም ነበር፣ ነጠላዋን አስተካክላ ቁጭ ትላለች እንጂ።

ለገበያ ከምታወጣው ለጋ ቅቤ ሌላ፣ ከምሰሶው ሥር በቅል የምታስቀምጠው ቅቤ ነበራት። እኔ ሳልወለድ የተቀመጠ ነው፤ ቀለሙ ወደ ቡናማ ዞሯል፣ ሲከፈት ድመቷ ሳትቀር ከቤት ትወጣለታለች። ይህኛው የሚበላ ሳይሆን መድኃኒት ነበር፤ ለቁርጥማት፣ ለወለምታ፣ ለራስ ምታት፣ ስሙ ላልታወቀውም ሁሉ። በእኛ ዘንድ ቅቤም እንደ ሰው ነው፤ ሲያረጅ ምንም ቢሸት ይከበራል።

ነገሩ የጀመረው በክረምት ነው። የመንደራችን ትምህርት ቤት ከአራተኛ ክፍል አያልፍም ነበር፣ እኔም አራተኛን ጨርሼ ስለነበር፣ ደብረ ማርቆስ ትንሽ ሱቅ ያላት የአባቴ እህት ዘነበች ለመስከረም መጥታ ልትወስደኝ ከአባቴ ጋር ተስማማች። ቀን ሱቅ እያገዝኩ በፈረቃ ልማር፣ ከልጆቿ ጋር በአንድ አልጋ ልተኛ። ለቀብድ ያህል ይመስላል፣ ናይለን ሹራብ ላከችልኝ። ከሰኔ ማብቂያ ጀምሮ ያን ሹራብ ከላዬ አላወረድኩትም፤ ዝናብ ሲመታኝ በላዬ ይረጥባል፣ ምድጃ ዳር ስቀመጥ በላዬ ይደርቃል፣ ለብሼው እተኛለሁ፣ ለብሼው እነሣለሁ፤ ከተሜነቱ የተጀመረ መስሎኝ።

ሐምሌ ሲጋመስ ሁለቱም ብብቶቼ ይበሉኝ ጀመር። መጀመሪያ የምስር ክክ የመሰለ ቀይ ሽፍታ ወጣ፤ ከዚያ ክኩ ተያይዞ አንድ ገበታ ሆነ፤ ሳክከው አዠ፣ ሲያዥ ሹራቡ ተጣበቀበት፣ ሹራቡን ስገፈው ቆዳዬ ግማሽ መንገድ ሸኘው። እናቴ በጭንቅ ስንቀሳቀስ አይታ ክንዴን ወደ ላይ አነሣችው።

«ውይ አፈር በበላሁ! ይኼን ታቅፈህ ነው ዝም ያልከኝ?» አለችና ሹራቡን አውልቃ ለመስከረም አጥባ አስቀመጠችው፤ ወዲያውም ወደ ምሰሶው ሥር ሄደች። የቅሉ ክዳን ሲነሣ ድመቷ ወጣች። እኔ መውጣት አልቻልኩም።

በአገራችን ሰው ሲታመም ይጠየቃል፤ ጠያቂም ባዶ እጁን አይመጣም፣ ወይ የሚበላ ወይ የሚቀባ ይዞ ይመጣል። ያመጣልህን መድኃኒት አለመቀባት ያመጣልህን እንጀራ ከነመሶቡ እንደመመለስ ነው፤ ከዚያ በኋላ እሳት ብትጠይቀው አይሰጥህም። እናቴም ማንንም አላስቀየመችም። አንዷ ግራዋ አመጣች፤ ግራዋው ተወቅጦ በከረመው ቅቤ ተለወሰ። ሌላዋ ድኝ አመጣች፤ ድኙ ተፈጭቶ በከረመው ቅቤ ተለወሰ። ሌላዋ ፌጦ አመጣች፤ እሱም እንደዚያው። የፌጦን ጠባይ የማያውቅ አንባቢ ካለ ሚጥሚጣ የገባበትን ዓይን ያስብ፤ ከዚያ ያ ዓይን ብብቱ ውስጥ እንደሆነ ያስብ። ጮኼ በግቢው ስሮጥ ፌጦ ያመጣችው ጎረቤታችን ከበር ላይ ሆና፣ «እሰይ! ያዘው ማለት ነው!» ትል ነበር።

አያ ደመላሽ መጨረሻ ላይ መጣ። በቅሎ የሚጭን፣ የበቅሎ ጀርባ ቁስል በማዳን የታወቀ ጎረቤታችን ነበር። የተቃጠለ ጠፍር አመድ በጨርቅ ቋጥሮ ይዞ፣ አባቴ አጠገብ ተቀመጠና ብብቴን እንደሚገዛው ከብት አገላብጦ አየ።

«ይኼ ቀላል ነው» አለ። «የእኔዋ ዳማ በቅሎ ከዚህ የባሰ ነበረባት።»

«በቅሎና ልጅ አንድ ነው እንዴ፣ አያ ደመላሽ?» አለች እናቴ፣ እጇ ግን አመዱን ተቀብሏል።

«ዳነች ወይስ አልዳነችም?»

«መዳኑንስ ዳነች» አለ አባቴ። «ጠጉሩ ግን ነጭ ሆኖ በቀለ።»

«ታዲያ የዚህን ብብት ማን ሊያየው ነው?»

ሁሉም ሳቁ። አመዱ በቅቤ ተለውሶ ተቀባ።

ስለዚያ ሐምሌ ከዚህ በላይ ማውራት ባልፈለግሁ ነበር፤ ግን እንዴት እንደነበር ካልተናገርኩ የሚቀጥለው አይገባም። ቅቤው በገላዬ ሙቀት እየቀለጠ፣ አመዱንና ድኙን ይዞ በጎኔ ይወርድና ሱሪዬ መታጠቂያ ላይ ይጠራቀም ነበር፤ እዚያ ረግቶ ያድርና ጠዋት በጥፍሬ እፍቀዋለሁ። ከሥሩ የሚያዠው ውኃ ከላይ ካለው ቅቤ ጋር ተደባልቆ ሌላ ሦስተኛ ሽታ ያወጣል፤ አይብ ተረስቶ ከከረመበት ዕቃ የሚወጣው ዓይነት። ዝንብ ከላም ትቶ ወደ እኔ ይመጣል። ምግብ ስበላ እጄን ወደ አፌ ባነሣሁ ቁጥር ብብቴ አብሮ ይከፈታል፣ ሽታው ከጉርሻው ቀድሞ ይደርሳል። የአያ ደመላሽ ውሻ ደግሞ ከኋላዬ አይለይም፤ ከቆምኩ ተንጠራርቶ ጎኔን ይልሳል። ከመድኃኒቶቼ ሁሉ ያላቃጠለኝ የሱ ምላስ ብቻ ነበር።

ነሐሴ ገባና ፍልሰታ ተያዘ። ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ በትንሽ ጎጆ የሚኖሩ እማሆይ ወለተ ማርያም የሚባሉ መነኩሴ ነበሩ፤ ጾም ሲገባ በየቤቱ እየዞሩ ማን እንደሚጾምና ማን እንደሚያስመስል ያጣሩ ነበር። እኛ ቤት ገብተው እንደተቀመጡ አፍንጫቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

«ጥሩወርቅ፣ ይኼ ልጅ ይጾማል?»

«ይጾማል እንጂ፣ እማሆይ። ሊቆርብም ነው።»

«ታዲያ ምን የሚሉት ጾም ነው? በአፉ ጾሞ በብብቱ ሊገድፍ ነው?»

እናቴ ደነገጠች። በጾም ራሷን ቅቤ የማትቀባ ሴት ነበረች፤ የልጇ ብብት ግን ከጾሙ ውጭ ያለ አገር መስሏታል። ያን ዕለት ቅሉ ተከደነ፣ እኔም በሙቅ ውኃ ታጥቤ፣ ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት እማሆይ ይዘውኝ እየሄዱ ጸበል ብቻ እጠመቅ ጀመር። በሳምንቱ ማዠቱ ቆመ። ጾሙ ወደ ማብቂያው ሲጠጋ ቅርፊቱ እየረገፈ ከሥሩ ሐምራዊ ለስላሳ ቆዳ ወጣ፤ እጄን ከጎኔ ጋር አጣብቄ መተኛት ቻልኩ፤ ደብረ ማርቆስን፣ የአክስቴን ሱቅ፣ ደብተር ይዤ አስፋልት ላይ ስሄድ እያሰብኩ አንቀላፋ ነበር።

ያኔም ቢሆን ዕቃ ማመዛዘን እችል ነበር። ቅቤ ሲኖር ቁስል አለ፤ ቅቤ ሲቀር ቁስል የለም። ለእናቴ መንገር ተገቢ መሰለኝ። ወተት እየናጠች ነበር።

«እማ፣ ቅቤው ሲቀር ነው እኮ የዳነልኝ።»

የምትንጠው ቅል ቆመ። «የማን ቅቤ?»

«የከረመው።»

«የከረመው የማን?»

ቅሉ እንደገና መናጥ ጀመረ፣ እሷ ግን እስኪመሽ አላነጋገረችኝም። ይህ ወሬ ከጎጆው ወጥቶ ገበያ ቢደርስ፣ «የጥሩወርቅ ቅቤ የገዛ ልጇን ብብት አነቀዘ» ቢባል፣ ያ ሁሉ በጣት ጫፍ የሚያሸት ሴት ወደ ሌላዋ ዞሮ ይቀር ነበር። ሰው ስለ ሸቀጡ እውነቱን መስማት እንደማይወድ፣ ከልጁ አፍ ሲሆን ደግሞ ጭራሽ እንደማይወድ ያን ቀን ተማርኩ፤ ንግድ ላይ እስከ ዛሬ ይጠቅመኛል።

ፍልሰታ ተፈታ። የዳንኩት በማን እንደሆነ በግቢያችን ክርክር ሆነ፤ ፌጦ ያመጣችው «ሥሩን የነቀለው የእኔ ነው» አለች፣ አያ ደመላሽ የበቅሎውን ምሳሌ ደገመ፣ እማሆይ ጸበሉ ወዳለበት ወደ ላይ አመለከቱ። እናቴ ሁሉንም አመሰገነች፤ ሁሉንም ለማመስገንም ከሁሉም የተረፈውን መድኃኒት አንድ ላይ ወቅጣ፣ ቅሉን ከምሰሶው ሥር አወጣች።

«እማ፣ ድኗል እኮ!»

«እንዳያገረሽ ነው፣ ዓለሜ። ከተማ ሄደህ ቢነሣብህ ማን አለህ?»

ይህን ስትል ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ልትለየኝ ነው፤ የምትሰጠኝ ሌላ ነገር የላት፤ ያላትን የመጨረሻ መድኃኒት እጥፍ አድርጋ ቀባችኝ። ያን ዕለት ሰው በፍቅር የሚያደርስብህን ነገር ጠላትህ ሊያደርስብህ እንደማይችል በብብቴ አወቅኩት።

አክስቴ በዕንቁጣጣሽ ማግስት መጣች። ሹራቡን ለብሼ፣ እግሬን ታጥቤ፣ ክንዶቼን ከጎኔ አርቄ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኳት። ልትስመኝ ጎንበስ አለችና መሃል መንገድ ላይ ቆመች።

«ምንድን ነው የሚሸተኝ?»

«ቅቤ ነው» አለች እናቴ።

«ቅቤ እንዲህ ይሸታል?»

አክስቴ ሹራቡን ወደ ላይ ሰበሰበችና አየች። ያየችውን እኔም አብሬያት አየሁ፤ ሐምራዊው ለስላሳ ቆዳ የለም፣ በቦታው ቢጫ የቋጠረ፣ ቅቤውና መግሉ የማይለይ ነገር ነበር። እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች።

«ልጆቼ ሁሉ አንድ አልጋ ላይ ነው የሚተኙት፣ ወንድሜ» አለች ወደ አባቴ ዞራ። «ይኼን ይዤ ልግባባቸው? አትዩኝ እንዲህ፤ እስቲ በእኔ ቦታ ሁኑ።»

«ይድናል እኮ» አለ አባቴ።

«ሲድን ላኩት።»

ጠላዋን ሳትጨርስ ተነሣች። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ እኔም ብሆን ያን ብብት ቤቴ አላስገባውም ነበር። መኪና መንገድ ድረስ ተከተልኳት፣ ከኋላዬ የአያ ደመላሽ ውሻ ተከተለኝ፤ መኪናው ሲሄድ እኔና ውሻው ቆመን አየነው።

ጥቅምትና ኅዳር መጀመሪያ ያው ነበሩ። እናቴ ከሐዘኗ የተነሣ በቀን ሁለቴ መቀባት ጀመረች። የመንደሩ ልጆች ከሩቅ ሲያዩኝ፣ «ቅሉ መጣ! ቅሉ መጣ!» እያሉ አፍንጫቸውን ይዘው ይሸሹ ነበር። የነቢያት ጾም ሲገባ እማሆይ ሳይመጡ እናቴ ራሷ ቅሉን ከደነችው፤ ደረቁ ነፋስ ነፈሰ፣ ብብቴም ደረቀ። ታኅሣሥ ሲገባ ጨርሶ ዳነ። አሁን ግን ደስታ አልነበረኝም፤ ገና ሲመጣ ምን እንደሚከተል አውቃለሁና ጾሙ ባይፈታ ብዬ የምመኝ ብቸኛው የጎጃም ልጅ እኔ ሳልሆን አልቀርም።

የገና ዋዜማ እማሆይ ለበዓሉ እኛ ቤት ነበሩ። እናቴ ዶሮዋን ስታሰናዳ ቆይታ እጇን ታጠበችና ወደ ምሰሶው ሥር አየች። እኔም ሳላስበው አፌን ከፈትኩ፦

«ተስያለሁ!»

እናቴ ባለችበት ቀረች። የእኛን አገር ሰው የያዘውን ከእጁ የሚያስጥለው ይህ አንድ ቃል ነው።

«ለማን?» አሉ እማሆይ።

«ለቅዱስ ሚካኤል።»

«ምን ብለህ?»

«ከዳንኩ ቅቤ ገላዬን እንዳይነካ።»

«እስከ መቼ?»

እዚህ ላይ ነው የተበላሁት። ያኔ ነጋዴ አልነበርኩም፤ መነሻ ዋጋ ዝቅ ተደርጎ እንደሚጠራ አላውቅም። «እስከ ጥምቀት» ብል ይበቃ ነበር፣ «እስከ ፋሲካ» ብልም ይቻላል። እኔ ግን የቅሉን ክዳን እያየሁ፣ «እስክሞት!» አልኩ።

እማሆይ ተነሥተው ግንባሬን በመስቀላቸው ባረኩኝ። «የሕፃን ስእለት ከባድ ነው፤ ያጽናህ» አሉ። በቃ፣ ስእለት ሆነ። የፈጠርኩት ለአንድ ማታ ነበር፤ ከተባረከ በኋላ ግን የእኔ መሆኑ ቀረ። እናቴ ፈራ ተባ እያለች፣ «ወጡስ፣ እማሆይ? መብላቱንስ ይበላል?» ብላ ጠየቀች።

እማሆይ መስቀላቸውን ወደ አፌ አዞሩ። «ከንፈርና ምላስ ገላ አይደሉም እንዴ?»

ያን ገና፣ ቤቱ ሁሉ በእናቴ ቅቤ የተሠራውን ዶሮ ሲበላ፣ እሷ ከምድጃው ዳር አንዲት ጭብጦ የምታህል ድስት ጥዳ ለብቻዬ በዘይት ሠራችልኝ። ቀምሳ ፊቷን አጨማደደች፤ ከዚያ ሳታየኝ ብልቱን ከትልቁ ድስት አወጣችና በውኃ አጥባ ጨመረችልኝ።

ሽፍታው ከዚያ ወዲያ አልተመለሰብኝም። በጥምቀት ማግስት አባቴ ደብረ ማርቆስ ሄዶ፣ ድኗል ብሎ ተናግሮ፣ ብቻውን ተመለሰ። «ተይዟል» አለ። አክስቴ የባሏን የወንድም ልጅ አስገብታበት ነበር። የአልጋ ቦታም እንደ ገበያ መደብ ነው፤ በቀኑ ካልተገኘህ ሌላው ጆንያውን ያነጥፍበታል። አባቴ በረቱን ሲጠርግ ቆይቶ፣ «እንግዲህ ከእናቱ ጋር ገበያ ይውጣ» አለ። ወጣሁ። ቅቤ መንካት ስለማልችል ከጎኗ ሆኜ በርበሬ ሸጥኩ፣ ከዚያ ጌሾ፣ ከዚያ ጤፍ። ደብረ ማርቆስ የገባሁት በስተርጅና ነው ለማለት ይቻላል፤ ደብተር ሳይሆን ጆንያ ተሸክሜ።

አሁን እናቴ ከእኔ ጋር ደብረ ማርቆስ ትኖራለች። ቅሉ ከተሰነጠቀ ቆየ፤ የከረመው ቅቤ ግን ክዳን ወዳለው ፕላስቲክ ዕቃ ተዛውሮ አልጋዋ ሥር አለ። ለእኔ ዛሬም በዘይት ለብቻዬ ታሠራለች፤ ለእንግዳ ስታወራም፣ «ልጄ በሕፃንነቱ የተሳለ ነው» እያለች ነው፣ እኔም ቀና ብዬ እሰማለሁ።

በቅርቡ ዘጠነኛ ክፍል ያለችው ልጄ ሕይወት ከትምህርት ቤት መጥታ ክንዷን ከጎኗ አርቃ ስትሄድ አየሁ። ከሱቅ የገዛችውን ሽቶ ብብቷ ላይ ነፍታ አሳክኳት፣ የምስር ክክ የመሰለ ቀይ ሽፍታ አውጥቷል። እኔ አፌን ሳልከፍት እናቴ አልጋዋ ሥር እጇን ሰደደች። ክዳኑ ሲነሣ ክንዶቼ ከጎኔ ራቁ። የትኛውን ታቦት እንደምጠራላት አሰብኩ፤ ምን ያህል ዘመን እንደምትሳልም አብሬ አሰብኩ።

«እምዬ፣ አልፈልግም» አለች ሕይወት። «ይሸታል።»

እናቴ ዕቃውን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። ቆይታ አሸተተችው፤ እንደ እነዚያ የገበያ ሴቶች።

«እሱስ ይሸታል» አለችና ከደነችው።

ልጄ ሽቶውን ጣለች፣ በውኃና በሳሙና ታጠበች፣ ዳነች፤ ያወጣችው አንድ ቃል ነው። እኔ ያኔ መልአክ ጠርቼ ነበር ያመለጥኩት።

የእኔ ጠቅላላ ሒሳብ ይኸው ነው። ብብቴ ድኗል። አምስተኛ ክፍል አልገባሁም። ቅቤ አልሸጥም፣ አልበላም።